መቶ ስድሳ ስምንት ሰዓት

ቤት ማሻሻጥ ለሚሻ ሰው፣ ኮሎራዶ ያለችበት፣
መቶ ስድሳ ስምንት ሰዓት ነው ቁጭ ብሎ የሚማርበት።
አንድ ሌሊት በጣቴ ቆጠርኩት፤
ሰባት ቀን ከነሌሊቱ፣ አንዲት ሰዓት ሳትጎድልበት።
እግዜር ሰማይና ምድርን ከነዕረፍቱ ጨረሰበት፤
እኔን ስምንት ወር ፈጀብኝ፣
ኦሮራ፣ ኤርፖርቱ አጠገብ፣ የእንግዳ አልጋ በማነጥፍበት።

ካርዶቼን ከፎጣው መሐል ደብቄ ከጋሪው ሥር፣
ክፍል ሦስት መቶ አሥራ ሁለት፣ ሳሙናውን ስቀይር፦
«ሊን» ማለት ዕዳ ነው፣ ሰውየውን ትቶ ቤቱን የሚያገባ፤
ሻጭ ሲወጣ አብሮ የማይወጣ፣ ገዢ ሲገባ አብሮ የሚገባ።
«ኢዝመንት»፦ በግቢህ መሐል የጎረቤት የእግር መንገድ፤
አጥር ብትሠራ የማይቆም፣ ብትቆጣው የማይናደድ።
«ኤስክሮ» ላይ ቆምኩ። ከገዢ እጅ ወጥቶ ሻጭ እጅ ያልገባ ብር፣
ነገሩ እስኪያልቅ ድረስ ሦስተኛ ሰው ዘንድ የሚያድር።
አንሶላ እንደያዝኩ ሳቅሁ፤ ይሄማ አደራ ነው ለካ!
ሁለት ገጽ ሙሉ ለፍቶ ለፍቶ፣ መጽሐፉ ልቤን ሳይነካ።
«አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» ብዬ በካርዱ ጀርባ ጻፍኩ፤
ፈተናው ይህን አይጠይቅም፤ የትራሱን ጠርዝ አጠፍኩ።

አሻራ ልሰጥ ስሄድ ማሽኑ ጣቶቼን አላውቅም አለ።
«ድገሚው» አለኝ ልጁ። የአሥር ዓመት ክሎር መስመሩን ልሶት የለ?
«ቅባት ተቀቢና ሰኞ ነይ።»
ወንጀል እንደሌለብኝ ለማየት
ቀድሞ ጣቴ ላይ ሰው መታየት ነበረበት።

«ደላላ ልትሆኚ?» አለችኝ እህቴ ሙሉወርቅ፣ አፏን በእጇ ይዛ፤
«የሌለ በር የሚያሳይ፣ ከሁለት ወገን የሚበላ፣ ምላሱን ቅቤ የሚያወዛ?»
«እዚህስ ለማን እንደቆምኩ ቀድሜ በጽሑፍ እሰጣለሁ።»
«መቆሙንስ ቁሚ፤ ስትበይ አይሻለሁ።»

በሁለተኛው አለፍኩ። ፈቃዱ መጣ፤ ብቻውን ግን አይቆምም፤
ቀጣሪ ብሮከር ካላስጠለለው፣ ቤት የሚሸጠው ቤት የለውም።
ሐቫና ጎዳና፣ ከጎማ ቤቱ በላይ፣ ዶሎረስ አስጠጋችኝ፤
«ስምሽ ከስሜ ሥር ነው» አለች፤ «ብትዋሺ አብረሽ ገደልሽኝ።»

የመጀመሪያው ሻጬ ጋሽ አስናቀ፣ የአባቴ የአክስት ልጅ።
ምድር ቤቱ ትኩስ ቀለም ይሸታል፤ ግድግዳው ያጣብቃል በእጅ።
«በረዶ ሲቀልጥ ነው» አለኝ፤ «በዓመት አንዴ፤ ቢበዛ ሁለቴ።
ቅጹ ላይ ‹አላውቅም› ብያለሁ። አንቺም አላየሽም። አደራ፣ እህቴ።»

አደራ።
ከካርዴ ጀርባ የጻፍኩትን ቃል
ገልብጦ መልሶ ሲሰጠኝ፣
ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ፤ ጉልበቴ ከዳኝ።
የማን አደራ? የሥጋ ዘመዴ? ወይስ ገና ያላየሁት፣
በማያውቀው ቤት የሚተኛ፣ ስሙን እንኳ ያልሰማሁት?
ሐሙስ ደወልኩለት፦ «ጋሼ፣ ወይ አንተ ጻፈው፣ ወይ እኔ እናገራለሁ።»
ስልኩን ዘጋው። የዘጋበትን ድምፅ እስከ ዛሬ እሰማለሁ።

ቅዳሜ ፕራካሽ መጣ፣ ከነፍሰ ጡር ሚስቱ ጋር፤
ምድር ቤቱን በእርምጃ ለካ፤ «የእናቴ አልጋ እዚህ፣ መብራቱ እዚያ ዳር።»
አልጋ የት እንደሚቆም አሥር ዓመት የማውቅ እኔ፣
«እዚህ አይቆምም» አልኩት፤ «ውሃ ይገባል፤» ፈሰሰ ወኔዬም ከጎኔ።

ቤቱን ከእጄ ወሰዱት። ሌላ ሰው ሸጠው፤ እንዴት እንደሸጠው አላውቅም።
ጋሽ አስናቀ ዕድር ላይ ያየኛል፣ ሰላም ግን አይለኝም።
ሙሉወርቅ ሳቀች፦ «ከሁለት ወገን ይበላሉ ስል፣
አንቺ ከሁለቱም ጦምሽን አደርሽ፤ ይሄም ደላላ ሊባል!»

ማክሰኞና ሐሙስ አሁንም ጋሪዬን እገፋለሁ፤
ጓንት ግን ጀምሬያለሁ።
ትናንት ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ውስጥ ስልኬ ጮኸ፤
ጣቴን አስነካሁት፤ እንቢ አለ። ደገምኩ፤ እንቢ።
በሦስተኛው ከፈተልኝ።
ፕራካሽ ነው፦ «ሌላ ቤት አይተናል።
ምድር ቤቱን አንቺ ቀድመሽ እይልኝ።»